ንጉሥ ያልሆኑት የንጉሥ ልጆች፦ ከግሸን አምባ እስከ ወህኒ



በዚህች ከተማ ተወልደው በፈረንሳይኛ የሚማሩ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘውልን ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆኗል። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ በአውሮፓ የንጉሥ የመጀመሪያ ልጅ አባቱን ይወርሳል፤ ከታናናሾቹ አንዱ ጳጳስ ይሆናል፤ የእኛስ ነገሥታት ታናናሽ ልጆቻቸውን ምን ያደርጓቸው ነበር? ጥያቄው የልጅ ይምሰል እንጂ የኢትዮጵያን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ ከሥሩ የሚነካ ነው። መልሱ ባጭሩ «ጳጳስ አላደረጓቸውም፤ ተራራ ላይ አወጧቸው» የሚል ነው። በረጅሙ ግን ቤተ ክርስቲያንም፣ ትምህርትም፣ እስራትም፣ ዙፋንም ያለበት ነገር ስለ ሆነ ጥቂት ገጾች ያስፈልጉታል።

እውነቱን ለመናገር ይህ ርእስ በአዘጋጆቹ መካከል ያለ ክርክር አላለፈም። ከአባቶቻችን አንዳንዶቹ «በበዓላችን ቀን ገመናችንን ለምን እናወጣለን? ስለ ዓድዋ ጻፉ» ብለው ነበር። ዓድዋማ ሁልጊዜም ይጻፋል። ልጆቹ ግን ይህን ከእኛ ካልሰሙ ነገ ከሌላ እንደሚሰሙት፣ ያውም ግማሹን ብቻ እንደሚሰሙት በማሰብ የምናውቀውን ለማስፈር ወሰንን። ዓመቶቹ ልጆቻችን ከሚማሩት ጋር እንዲገጥሙላቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቀርበዋል።

የፈረንጆቹ ልማድ

በምዕራብ አውሮፓ ርስቱና ዘውዱ እንዳይበታተን ለበኩር ልጅ ማውረስ እየተለመደ ሲሄድ ለታናናሾቹ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሰፊ መሬትና ብዙ ሹመት ነበራት። ስለዚህ አንዱን ልጅ ገና በሕፃንነቱ ለካህናት ሰጥቶ ማስተማር፣ ሲያድግም ጳጳስ እንዲሆን መጣጣር የመሳፍንቱ ወግ ነበር። የእንግሊዝ ንጉሥ የእስጢፋኖስ ወንድም ሄንሪ ከ1129 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1171 የዊንቸስተር ጳጳስ ነበር፤ በወንድሙ ዘመንም ከአገሩ ኃያላን አንዱ ሆኖ ኖሯል።

ለልጆቻችን የሚቀርባቸው ግን የፈረንሳዩ ሉዊ ሰባተኛ ነው። ሉዊ ሁለተኛ ልጅ ስለ ነበር ለክህነት ታስቦ በፓሪስ ኖትርዳም ካቴድራል ትምህርት ቤት ያድግ ነበር። በ1131 ታላቅ ወንድሙ ፊሊፕ በፓሪስ መንገድ ሲጋልብ ፈረሱ በአሳማ ተደናቅፎ ወደቀና ሞተ። የአሥራ አንድ ዓመት ገደማ ልጅ የነበረው ሉዊ ከካህናቱ መካከል ተወስዶ በዚያው ወር በሬምስ ተቀባ። የእርሱ ታናሽ ወንድም ሄንሪ ደግሞ መንኩሶ ኋላ የሬምስ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። በስፔን በአራጎን አገር የሆነው ከዚህም ይብሳል። በ1134 ንጉሡ ያለ ልጅ ሲሞት መኳንንቱ መነኩሴ ወንድሙን ራሚሮን አምጥተው አነገሡት፤ አገባ፣ አንዲት ሴት ልጅ ወለደ፣ ልጅቱን ገና በሕፃንነቷ አጭቶ ግዛቱን ለእጮኛዋ አስረከበና በ1137 ወደ ገዳሙ ተመለሰ። ሥራውን ጨርሶ የሄደ ሰው ይመስላል።

በእኛ ዘንድ ጳጳስነት ለምን አልተቻለም?

እንግዲህ ይህ መንገድ በኢትዮጵያ የተዘጋው ነገሥታቱ ሃይማኖት አጥሯቸው ወይም ቤተ ክርስቲያኗ ድሃ ሆና አይደለም። ጳጳሱ ግብፃዊ ስለ ነበረ ነው። ከአባ ሰላማ ከፍሬምናጦስ፣ ማለትም ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የኢትዮጵያ ጳጳስ ተሹሞ የሚመጣው ከእስክንድርያ ነበር። «ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው መካከል ጳጳስ አይሹሙ» የሚለው ቀኖና ለኒቅያ ጉባኤ ቢሰጥም ኋላ የተጻፈ መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ። ቢሆንም በፍትሐ ነገሥት ገብቶ ስለ ነበር እንደ ሕግ ይሠራ ነበር። በ12ኛው መቶ ዓመት አንድ የኢትዮጵያ ንጉሥ ጳጳሳቱ ይብዙልን ብሎ ቢጠይቅ እስክንድርያ አልተቀበለችውም፤ ብዙ ጳጳሳት ካሏቸው የራሳቸውን ፓትርያርክ ይሾማሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት የተሾሙት በ1929 ነው። ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት በ1951፣ ፓትርያርክ የሆኑት ደግሞ በ1959 ነው።

ስለዚህ የአንድ ንጉሥ ታናሽ ልጅ ምንም ያህል ቢማር፣ ምንም ያህል ቢጾምና ቢጸልይ ጳጳስ ሊሆን አይችልም ነበር። መነኩሴ መሆን ይችላል። ነገር ግን በገዳም ውስጥ የሚቆጠረው ሌላ ዓይነት ዘር ነው፤ ማን ከማን እጅ ቆብ ተቀበለ፣ ማን የማን ደቀ መዝሙር ነው የሚለው ነው። እነ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ እነ ደብረ ሊባኖስ መምህራቸውን በዚህ የመንፈስ ዝምድና ያገኙ ስለ ነበር የንጉሥ ልጅ መሆን የመምህርነቱን ወንበር አያስገኝም። በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን (1314–1344) መነኮሳቱ ስለ ንጉሡ ጋብቻ ፊት ለፊት ገሥጸው እስከ መገረፍና እስከ መሰደድ የደረሱት ገዳሙ የቤተ መንግሥት ዘመድ ቤት ስላልነበረ ጭምር ነው ብለን እናምናለን።

በዚህ ላይ የአልጋ ውርስ ሥርዓት አለ። በእኛ አገር በኩር ልጅ ብቻ ይንገሥ የሚል የጸና ሕግ አልነበረም። ከሰሎሞን ዘር የሆነ ወንድ ሁሉ፣ ልጅም ይሁን ወንድም ወይም አጎት፣ ሠራዊቱና መኳንንቱ ከደገፉት ሊነግሥ ይችላል። ፈረንሳይ ውስጥ ሁለተኛ ልጅ መሆን ትርፍ መሆን ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሁለተኛ ልጅ መሆን ተፎካካሪ መሆን ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ካህናት የነበሩ ነገሥታት

ወደ ግሸን ከመውጣታችን በፊት የዛጉዌን ዘመን መጥቀስ ይገባል፤ በዚያ ዘመን ክህነትና ንግሥና በአንድ ሰው ላይ ይገናኙ ነበርና። በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የተጻፈ አንድ የግብፅ ክርስቲያኖች መጽሐፍ የሐበሻ ነገሥታት ሁሉ ካህናት እንደ ሆኑ፣ በገዛ እጃቸው ሰው እስካልገደሉ ድረስም መቅደስ ገብተው እንደሚቀድሱ ይናገራል። ከላሊበላ በስተሰሜን በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ተሸንቁሮ የተሠራው ውብ ቤተ ክርስቲያን ባለቤት ይምርሐነ ክርስቶስም ንጉሥና ካህን ተብሎ ይታወሳል። ቅዱስ ላሊበላ ራሱ እንደ ገድሉ ትረካ ታናሽ ወንድም ነበር። ገና ሲወለድ ንብ ከበበው፤ ይነግሣል ተብሎ ስለ ተፈራ መርዝ ተሰጠው፤ ተሰደደ፤ በመጨረሻም ወንድሙ ዙፋኑን ለቀቀለት። ገድል እንደ ዜና መዋዕል አይነበብም። ነገር ግን የታናሽ ወንድም መወለድ በቤተ መንግሥት ምን ዓይነት ፍርሃት ያመጣ እንደ ነበር ከዚህ ይበልጥ የሚነግረን የለም።

ግሸን አምባ

በ1270 ዐፄ ይኩኖ አምላክ የሰሎሞን ዘር ነኝ ብሎ ነገሠ። ልጁ ይግባ ጽዮን በ1294 ከሞተ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ዙፋኑ በዘመዶች መካከል እየተቀባበለ አገሪቱ ተናወጠች። የግሸን አምባ የነገሥታት ልጆች ማቆያ የሆነው ከዚህ ሁከት ጋር በተያያዘ እንደ ሆነ የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት ጽፈዋል። ከዚያ በፊትም ደብረ ዳሞ ለዚሁ ተግባር ያገለግል ነበር፤ ዮዲት ጉዲት የነገሥታቱን ዘር የፈጀችው እዚያ ነው የሚል ትውፊት አለ።

ግሸን በወሎ፣ በአምባሰል በኩል የሚገኝ ጠፍጣፋ ራስ ያለው ተራራ ነው። ዙሪያው ገደል ነው፤ አናቱ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ ነው። መውጫው ጠባብ ስለ ሆነ ጥቂት ሰው ብዙውን ሊከለክልበት ይችላል። እስረኛን ለመጠበቅም፣ ታቦትን ለመጠበቅም የተመቸ ነው፤ ሁለቱም ተጠብቀውበታል። በአምባው ላይ እግዚአብሔር አብና ማርያም የተባሉት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። ካህናቱና ደብተራዎቹ ከልዑላኑ ጋር ይኖራሉ። ልዑላኑ «እስራኤላውያን» ይባላሉ፤ ከሰሎሞን ዘር ነን ስለሚሉ ነው። ሲነጋም ሲመሽም የሚሰሙት ማሕሌት፣ የሚማሩት ዳዊትና ቅኔ፣ የሚያውቁት ሰው ካህን ነበር። ይሁን እንጂ መነኮሳት አልነበሩም። ያገባሉ፤ ይወልዳሉ፤ ልጆቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም እዚያው ያድጋሉ። እንግዲህ አውሮፓዊው ታናሽ ልጅ ሹመቱን አግኝቶ ትዳሩን ሲያጣ፣ የእኛው ትዳሩን ይዞ ሹመቱንና መንገዱን አጥቷል።

በ1520ዎቹ በአገራችን ስድስት ዓመት የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ ተራራ የጻፈው ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። እርሱና ጓደኞቹ ሳያውቁ ወደ ተራራው ግርጌ ቢጠጉ ጠባቂዎቹ በድንጋይ አሳደዷቸው። እንደ እርሱ አባባል እስረኞቹ ሁሉ እኩል አይጠበቁም ነበር። የቀድሞ ነገሥታት ዘሮች፣ ማለትም የማን ልጅ እንደ ሆኑ እየተረሳ የሄደባቸው፣ ላላ ያለ ኑሮ ነበራቸው፤ የንጉሡ የቅርብ ወንድሞችና ልጆቻቸው ግን በጽኑ ይጠበቁ ነበር። አንዱ ልዑል ቅርንጫፍና ቅጠል ለብሶ ቁጥቋጦ መስሎ ሲያመልጥ፣ እርሻ ላይ የነበሩ ገበሬዎች ቁጥቋጦው ሲንቀሳቀስ አይተው ያዙት ይላል።

ከዚህ ሁሉ ግን እኛን ያቆመን የአንድ መነኩሴ ነገር ነው። አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሳለ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው መነኩሴ ከብዙ ጠባቂዎች ጋር ታስሮ መጣ። ጥፋቱ ከግሸን ልዑላን የተላከ ደብዳቤ ለንጉሡ ማድረሱ ነው። መነኩሴውን ገረፉት፤ ጠባቂዎቹንም እርስ በርሳቸው አስገረፏቸው። ደብዳቤውን ማን ሰጠህ? ሌላስ አለህ? የየት ገዳም ሰው ነህ? የት መነኮስህ? የት ቀሰስህ? እያሉ በግርፋት መካከል ይጠይቁት ነበር። እርሱም ከአምባው ከወጣ አሥራ ስድስት ዓመት እንደ ሆነው፣ ደብዳቤውን ያን ጊዜ እንደ ተቀበለ፣ እስከዚያ ድረስም ለመስጠት እንደ ፈራ ነበር የመለሰው። እስቲ እናስበው። ወንድሞች ለወንድማቸው የጻፉት ደብዳቤ አሥራ ስድስት ዓመት በአንድ ምስኪን ካህን ጓዝ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ፣ ሲደርስ የተገኘው መልስ ጅራፍ ሆነ። በደብዳቤው ምን ተጽፎ እንደ ነበር አልቫሬዝ አልነገረንም። በዚህች ከተማ ከቤተ ሰብ የሚላክ ወረቀት በሾፌር እጅ ስንጠብቅ የኖርን ሰዎች ይህን ገጽ በቀላሉ አናልፈውም።

ከተራራው የወረዱት

የግሸን ልዑል ሁሉ ግን እዚያው አልቀረም። ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ከአምባው አንዱን መርጠው ያወርዱ ነበርና ተራራው እስር ቤትም የዙፋን ጎተራም ነበር። ከ1429 እስከ 1434 ባለው ጊዜ ዐፄ ይስሐቅን ተከትለው አራት ነገሥታት በየተራ አለፉ። በዚህ ጊዜ የዐፄ ዳዊት ታናሽ ልጅ ዘርዐ ያዕቆብ ከአምባው ወረደ። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ገደማ ነበር። እናቱ በልጅነቱ ከወንድሞቹ ጥርጣሬ ልታድነው ከአንድ የአክሱም መነኩሴ ጋር ሸሽጋ ወደ ገዳም እንደ ላከችው ይነገራል። ከዚያም አምባው። እንግዲህ ዕድሜውን በሙሉ ያሳለፈው በመጻሕፍትና በካህናት መካከል ነው።

ከሉዊ ሰባተኛ ጋር የሚመሳሰለው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ከቤተ ክርስቲያን አጸድ በድንገት ወደ ዙፋን የተጠሩ ታናናሾች ናቸው። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ትምህርቱን እንደ ያዘ ነገሠ። መጽሐፈ ብርሃን፣ መጽሐፈ ሚላድ፣ ጦማረ ትስብእት የተባሉት የነገረ መለኮት ሥራዎች በስሙ ይታወቃሉ። እግዚአብሔር ነግሠ የተባለው የመዝሙር መጽሐፍም የእርሱ ነው ይባላል። በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስቦ ለረጅም ዘመን ገዳማትን ሲያከራክር የኖረውን የሰንበት ጉዳይ፣ ቅዳሜም እሑድም ይከበሩ ብሎ ዘጋው። በሰማይ ብርሃን በታየበት ቦታ ደብረ ብርሃንን መሠረተ። አብረውት የነበሩት ግብፃውያን ጳጳሳት፣ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል፣ ጳጳሳት ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ነገር በእውነት የመራው ግን ንጉሡ ነበር ብንል አልተሳሳትንም። ጳጳስ መሆን ያልተፈቀደለት የንጉሥ ልጅ ከነገሠ በኋላ የጳጳሱን ሥራ ሠራው።

የዚህ ሰው ሌላ ገጽም አለ። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት አጥብቆ አሳደደ። ከገዛ ልጆቹም በክህደትና በሤራ የተጠረጠሩት ወንዶችና ሴቶች ተገርፈው ተቀጥተዋል፤ የሞቱም አሉ። ዜና መዋዕሉ ይህን አልደበቀም፤ እኛም የምንደብቅበት ምክንያት የለም። ዕድሜውን በፍርሃት አምባ ላይ ያሳለፈ ሰው ሲነግሥ ሰው ማመን ቢያቅተው አይገርመንም። በሌላ በኩል የአውራጃ ሹመቶችን ለሴት ልጆቹና ለእኅቶቹ የሰጠበት ጊዜ አለ፤ ሴት ለዙፋን ስለማትፎካከር ይሆናል። ከሚስቶቹ አንዷ፣ ከሐድያ የመጣችው እቴጌ እሌኒ፣ ከእርሱ በኋላ በአምስት ነገሥታት ዘመን ኖራ፣ ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር አስተዳድራለች፤ መንፈሳዊ ድርሰትም ደርሳለች። የእርሷ ነገር ለብቻው መጽሔት ይፈልጋል።

ዛሬ ግሸን የሚታወቀው በእስር ቤትነቱ ሳይሆን በግማደ መስቀሉ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ከግብፅ የመጣውን ቅዱስ መስቀል በዚያ ያኖረው ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ ታሪኩም ጤፉት በተባለው መጽሐፍ ተጽፎ በቦታው ይገኛል። መስከረም 21 ቀን ከየአገሩ የሚጎርፈውን ምእመን ያየ ሰው ያ ቦታ አንድ ጊዜ ሰው እንዳይጠጋው በድንጋይ ይባረርበት ነበር ቢሉት አያምንም። ልዑሉ የታሠረበትን ተራራ ንጉሥ ሲሆን የሕዝብ መሳለሚያ ለማድረግ ለምን መረጠ? ቦታው ለመጠበቅ ስለሚመች ነው የሚሉ አሉ። እኛ ደግሞ ያደገበት ደብር ስለ ሆነ ጭምር ነው እንላለን።

ሌላው ከአምባው የወረደ ሊቅ በ1494 የነገሠው ዐፄ ናዖድ ነው። መልክአ ማርያምን የደረሰ እርሱ ነው ይባላል። ስለ እርሱ ልጅ ደግሞ በ17ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ኢየሱሳውያን ጸሐፊዎች የሚተርኩት አለ። ንጉሡ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት የሆነውን ልጁን ይዞ ተቀምጦ ሳለ አንድ ባለሟል «ልጁ እኮ አደገ» ቢል፣ ሕፃኑ ወደ ግሸን የምላከው አድጌ ነው ማለት ነው ብሎ አለቀሰ፤ አባቱም ልቡ ተነክቶ ልማዱን ሻረ ይላሉ። ታሪኩ ሲሰሙት ያምራል። ነገር ግን ናዖድ የሞተው በ1508 ነው፤ አልቫሬዝ ደግሞ ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ እስረኞቹን፣ ጠባቂዎቹንና ጅራፉን በዓይኑ አይቷል ወይም በጆሮው ሰምቷል። ስለዚህ ልማዱ በሕፃን እንባ ቆመ ማለት አይቻልም። ልጁ ግን አላለቀሰም አንልም፤ ያላለቀሰ ልጅም የነበረ አይመስለንም።

ያቆመው ጦርነት ነው። የኢማም አሕመድ ሠራዊት ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክሮ በመጨረሻ በ1540 አምባውን ያዘ፤ በዚያ የነበሩትም አለቁ። በዚያው ዓመት ዐፄ ልብነ ድንግል በደብረ ዳሞ ዐረፈ። ስለዚያ ጦርነት እዚህ ከሙስሊም ወገኖቻችን ጋር በአንድ ማኅበር ስለምንኖር በአንድ ወገን ዓይን ብቻ መተረክ አንወድም። ይልቁንስ አንድ ነገር እንጨምር። ከጅቡቲ ብዙም በማትርቀው በዘይላ ላይ፣ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሱልጣን ሰዕደዲን በተገደለ ጊዜ ልጆቹ ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመን ሸሹ፤ ኋላም ተመልሰው የአባታቸውን ጦርነት ቀጠሉ። ለደጋው ልዑል መደበቂያውም መታሠሪያውም ተራራ ነበር፤ ለቆላው ልዑል ግን ባሕር ነበረለት።

በውጭውም ዓለም ቢታይ ከዚህ የከፋ ነበር። በኦቶማን ቱርኮች ዘንድ የነገሠው ሱልጣን ወንድሞቹን ማስገደሉ በሕግ የተፈቀደ ሆኖ ቆይቷል፤ በ1595 ሜህመድ ሦስተኛ ሲነግሥ አሥራ ዘጠኝ ወንድሞቹን በአንድ ጊዜ አሳንቋል። ግሸን ጨካኝ ነበረች፤ ነፍስ ግን ታቆያለች። ይህን የምንለው አጥፊውን ለማጽደቅ ሳይሆን ልጆቻችን ሲያነጻጽሩ ሚዛኑ ሙሉ እንዲሆንላቸው ነው።

ወህኒ

ከግሸን መውደቅ በኋላ ልማዱ መቶ ዓመት ያህል ተቋረጠ። እንደገና የጀመረው ጎንደርን ያቆመው ዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667) ነው። በዚህ ጊዜ የተመረጠው ከጎንደር በስተደቡብ ምሥራቅ በበለሳ በኩል ያለው፣ እንደ ዓምድ ቀጥ ያለው ወህኒ አምባ ነው። ዛሬ እስር ቤትን ሁሉ «ወህኒ ቤት» የምንለው ከዚህ ተራራ ስም ተነሥተን ነው። ቃሉን በየቀኑ እንናገረዋለን፤ መጀመሪያ የታሠሩበት ግን ሌቦችና ወንበዴዎች ሳይሆኑ የንጉሥ ልጆች መሆናቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደሚተርከው፣ ታላቁ ኢያሱ (1682–1706) ዘመዶቹን ለማየት ወደ ወህኒ በሄደ ጊዜ ልዑላኑን በረሃብና በእራፊ ጨርቅ አገኛቸው። ለእነርሱ የተመደበውን ገንዘብ ሹማምንቱ ይበሉት ነበር። ንጉሡ አዘነ፤ ቀለባቸውንም አስተካከለ። እንዲህ ያለው የበጀት ነገር በየዘመኑ የማይጠፋ መሆኑን ከማኅበራችን የሒሳብ ኮሚቴ አባላት አንዱ ረቂቁን ሲያነብ በፈገግታ ጠቁሞናል። ኋላ በዘመነ መሳፍንት ደግሞ እውነተኛ ሥልጣን በራሶቹ እጅ ስለ ነበረ ከወህኒ የሚወርደው ልዑል ስሙ ብቻ ንጉሥ ነበር።

የእነዚህ ተራሮች ዝና በአውሮፓ ሌላ መልክ ያዘ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን የኢየሱሳዊውን የሎቦን ጉዞ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ ነበርና፣ በ1759 «ራሴላስ» የተባለ ልብ ወለድ ሲጽፍ የታሠረውን የሐበሻ ልዑል ምንም በማይጎድልበት ደስተኛ ሸለቆ ውስጥ አኖረው። የጨርቅ እራፊውን ብሩስ ኋላ ሲጽፈው፣ ሸለቆው አስቀድሞ በሰው ልብ ተስሎ ነበር።

ስለ ታናናሾች

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ራሳችን ታናናሾች ነን። ታላቁ ልጅ ከአባት መሬት ላይ ቀርቶ፣ ድርሻ ያልደረሰው በባቡር ወደዚህ ወርዶ በወደቡ፣ በምድር ባቡሩ፣ በየሱቁና በየቤቱ ሥራ የያዘበት ቤተ ሰብ በዚህ ከተማ ጥቂት አይደለም። ሌላው ታናሽ ደግሞ ቅኔ ቤት ገብቶ ዲያቆን፣ ቄስ ወይም መሪጌታ ሆኗል። በገበሬው ቤት ይህ ሁሉ መንገድ ክፍት ነበር። ቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ከጎጃም እስከ ወሎ ይዞራል፤ የሚያግደውም ውሻ ብቻ ነው። የንጉሡ ልጅ ያንኑ ዳዊት፣ ያንኑ ቅኔ ተምሮ ከገደሉ ጫፍ ማለፍ አይችልም ነበር። ስለዚህም ልጆቻችን «የእኛ ታናናሾችስ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሁለት ዓይነት ታናሾች እንደ ነበሩ እንነግራቸዋለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ካኖሯቸው ልዑላን አንዱ የሸዋው ምኒልክ ነበሩ። መቅደላ ከግሸን ሩቅ አይደለም። ምኒልክ ግን በ1865 አምልጠው ሸዋ ገቡ። ኋላም ይህን ከተማችንን ያሳደገውን የባቡር ሐዲድ የፈቀዱት እርሳቸው ናቸው፤ ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ።

የልጅ ልጃቸው የልጅ ኢያሱ ዕጣ ግን የድሮው ዓይነት ሆነ። በ1916 ከሥልጣን ወርደው፣ ኋላ ተይዘው በፍቼ፣ ከዚያም በሐረርጌ በጋራ ሙለታ ተራራ ታሠሩ። ከሐረርጌ የመጡ እናቶቻችንና አባቶቻችን ጋራ ሙለታን ከሩቅ እያዩ ያደጉ ናቸው። ልጅ ኢያሱ በ1935 መጨረሻ ላይ በእስር እንዳሉ ሞቱ። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በግንቦት 1936 መጀመሪያ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከእቴጌ መነንና ከልጆቻቸው ጋር በባቡር ጅቡቲ ገቡ፤ ከዚህም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ያን ጊዜ የነገሥታቱ ልጆች የተሻገሩት ተራራ ሳይሆን ይህ በየማለዳው የምናየው ባሕር ነበር።